እላይ ንፋስ የለም

በሙቅ አየር ፊኛ ሊሳፈር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ካፒቴኑን አይደለም፤ እትዬ ስፌትን ነው። ሜዳው ዳር ከቆመችው ፒክአፕ ኋላ፣ ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ፣ እጇን በብብቷ ሸጉጣ ትጠብቀዋለች። ፊቱን ከማየቷ በፊት ጫማውን ታያለች። ተረከዝ ያለው ከሆነ፣ «እመቤት፣ ሰርግ ነው የመሰለሽ?» ብላ ከጋቢናው ወንበር ሥር ካለው ጆንያ ሸራ ጫማ ታወጣለች። ጆንያው ውስጥ ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ አራት ቁጥር አለ። ቀጥላ ኮፍያ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው ኮፍያው ለብርድ ይመስለዋል። አይደለም። ማቃጠያው ከተሳፋሪው ራስ ብዙም አይርቅም፤ ሲለኮስ ረዥም ሰው አናቱን ይለበለባል።

ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ ትናገራለች። አስራ ሁለት ዓመት ስለሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ስሙኝማ። የሚበርዳችሁ እዚህ መሬት ላይ ነው። እላይ ንፋስ የለም። ውሸት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ፊኛው የሚሄደው ከንፋሱ ጋር ነው፤ አብራችሁት ስትሄዱ አይነካችሁም። ሻማ ብታበሩ አይጠፋም። እንዳታበሩ ግን! ጎናችሁ አራት ሲሊንደር ጋዝ ነው ያለው።»

እዚህ ጋ ይስቃሉ። እስኪስቁ ትጠብቃቸዋለች።

«ከፍታ የሚያዞረው አለ? አንተ? አይዞህ። ፎቅ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየትና ይሄ አይገናኝም። ከእግርህ ሥር ወደ መሬት የሚወርድ ግድግዳ የለም፤ ዓይንህ የሚለካበት ያጣና ዝም ይላል። ስትነሱም አይታወቃችሁም። እናንተ እንደቆማችሁ መሬቱ ዝቅ ያለ ነው የሚመስላችሁ። ማቃጠያው ይጮኻል፤ ዝም ሲል ደግሞ ሰው ግቢው ውስጥ ሲያስል ትሰማላችሁ። ካፒቴኑ መሪ የለውም። ወዴት እንሄዳለን ብላችሁ አትጨቅጭቁት። ከፍ ዝቅ እያለ የሚስማማውን ንፋስ ይፈልጋል እንጂ አይነዳም። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያርፍበትን ንፋሱ ያውቃል። ስታርፉ ጀርባችሁን ወደምትሄዱበት አዙሩ፣ ጉልበት እጥፍ፣ መያዣውን በሁለት እጅ ጭምቅ። ቅርጫቱ ሊጋደም ይችላል። ከተጋደመ አብራችሁ ተጋደሙ። ካፒቴኑ ውረዱ ሳይላችሁ ማንም ንቅንቅ እንዳይል። አንድ ሰው ዘሎ ቢወርድ ፊኛው ይቀለዋል፤ የቀራችሁትን ይዞ ብድግ ነው።»

ሁሌ አንድ ሰው አይጠፋም። «አንቺስ ስንት ጊዜ በረርሽ?» ይላታል።

«እኔ ገና ነኝ» ትላለች።

ሰዎቹ ቀልድ ይመስላቸውና እንደገና ይስቃሉ። ቀልድ አልነበረም። ሃያ አራት ዓመት ፊኛ ስትሰፋ፣ ስትጠግንና ስታስነሳ አንድም ቀን ከመሬት ተነስታ አታውቅም።

ሙያዋን የተማረችው የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን የሚሰፋበት ሱቅ ውስጥ ነው። ካፒቴኑ ያኔ ወጣት ነበር፤ አጥር የቀደደውን ፊኛ ጠቅልሎ በጋሪ አስጭኖ መጣ። አራት ሱቅ ዞሮ አራቱም «ይሄ ምኑም ሸራ አይደለም» ብለው መልሰውታል። እሷ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችና፣ «ይሄ አየር የሚያፍነው በተቀባው ቅብ ነው። መርፌ በበዛ ቁጥር ቀዳዳ ይበዛበታል» አለችው። ስፌቱን በድርብ አጥፋ፣ ክሩን አራርቃ፣ ከቀጠሮው ቀን በፊት ጨረሰችለት። በሳምንቱ ተመልሶ ሥራ ሰጣት። እናቷ ባወጣችላት ስም ከዚያ ወዲህ የሚጠራት የለም።

ከስፌቱ ሌላ አንድ ሥራ ነበራት፤ የአናቱን ገመድ መያዝ። ፊኛው መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ማራገቢያው ቀዝቃዛ አየር ሞልቶት፣ ማቃጠያው ሲለኮስበት ዝም ተብሎ አይተውም፤ ከአናቱ የታሰረ ረዥም ገመድ አለ፣ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይይዘዋል። አለዚያ ፊኛው በአንዴ ተፈናጥሮ ቅርጫቱን ይገለብጣል። ሙቀቱ ሲያይል ገመዱ ይጎትታል፤ ያዡ እየተሳበ እርምጃ በእርምጃ ወደ ቅርጫቱ ይመጣል። ፊኛው ቀጥ ብሎ ሲቆም የገመዱን ጫፍ ቅርጫቱ ላይ አስሮ ይለቃል። እና በየማለዳው ከፊኛው ላይ በመጨረሻ የምትነሳው እጅ የእሷ ነበረች። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ትሄድና ቀና ትላለች። ሹፌራችን፣ «እትዬ፣ አንገትሽን እዚያው ረሳሽው፣ ግቢ እንከተላቸው!» እያለ ጥሩምባ እስኪነፋባት አትንቀሳቀስም።

ሦስት ጊዜ ለጥቂት ቀርታለች።

የመጀመሪያው በሁለተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ተሳፋሪ ቀረ፤ ካፒቴኑ «ግቢ» አላት። አንድ እግሯን የቅርጫቱ መወጣጫ ቀዳዳ ውስጥ ከታ ቆመች። ተሳፋሪውን ሁሉ «እርጉዝ ያለሽ?» ብላ የምትጠይቀው ራሷ ናት፤ ማረፊያው ይመታልና እርጉዝ አይሳፈርም። ቆም አለችና፣ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ» አለችው። ለባሏም ገና አልነገረችም። እግሯን ራሱ ካፒቴኑ በእጁ ይዞ አወረደላት።

ሁለተኛው ላይ ቅርጫቱ ውስጥ ገብታ ነበር። ኮፍያዋንም አድርጋለች። ንፋሱ ተነሳና ሁሉም ውረዱ ተባለ። እንዲህ ያለ ማለዳ ከአስሩ ሦስቱ ነው፤ ይሄንንም ለተሳፋሪው አስቀድማ የምትናገረው እሷ ናት።

ሦስተኛው የእኔ ጉዳይ ነው። እኔ የማቃጠያና የጋዝ ቴክኒሻን ነኝ፤ «ጋዙ» ይሉኛል። በተቀጠርኩ በወሩ አንድ ቦታ ተገኘ፣ ካፒቴኑም ለእሷ ሰጣት። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይሄ ልጅ እላይ ማቃጠያው ምን እንደሚያደርግ ሳያይ እንዴት ይጠግነዋል? እሱ ይሂድ» አለች። እኔም ምኑንም ሳላመነታ ዘልዬ ገባሁ። ስወርድ ቅርጫቱ ገና ተጋድሞ ሳለ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ «ምን ሰማህ?» አለችኝ።

«የቱን?»

«ማቃጠያው ዝም ሲል።»

«ቧንቧ ውሃ። ሴትዮ ባልዲ ስትሞላ።»

«ከምን ያህል ከፍታ?»

«ሦስት መቶ ሜትር ገደማ።»

«ባልዲው የብረት ነው የፕላስቲክ?»

«የብረት።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የወሰደችውን ነገር በልቧ የሆነ ቦታ እንዳስቀመጠች ገባኝ። ያንን ጥያቄ የወረደውን ሰው ሁሉ ትጠይቅ ነበር። ሻማውን የነገራት አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ግድግዳ ስለሌለ አያዞርም ያላት ቀለም ቀቢ ነው፤ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው። መሬቱ ዝቅ ይላል ያለቻት አንዲት አሮጊት ናት። ያ ሁሉ ንግግር ከሰው አፍ የተለቀመ ነው። አንድም የራሷ የለበትም።

የምናበራት ፊኛ ብርቱካን ቀለም ስለሆነች «ብርቱካኗ» እንላታለን። ድርጅታችን ትንሽ ናት፤ ሌላ ፊኛ የለንም። ብርቱካኗ አስረኛ ዓመቷን ይዛለች። እትዬ ስፌት ጥገናዋን ሁሉ በአንድ ደብተር ትመዘግባለች፣ በቀኑና በምክንያቱ፤ ባለፈው ዓመት መቶ ሰማኒያ ሦስተኛው ላይ ደርሳ ነበር።

በዚህ ዓመት ልጇ፣ ያኔ የሁለት ወር ፅንስ ሆና እናቷን ከቅርጫት ያወረደቻት፣ ራሷ ልትወልድ ደረሰች። የምትኖረው ከጋራው ባሻገር፣ በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት በሚፈጅ ከተማ ነው። «እማ፣ እኔ ጋ ነይና በዚያው ቅሪ፤ ዓይንሽም ደክሟል» አለቻት። እውነትም ደክሟል። ክር በመርፌ ለማስገባት ወደ መስኮቱ ስትዞር አይቻለሁ። በወሩ መጨረሻ ልትሄድ ተስማማች። እዚያ ከተማ ፊኛ የሚባል ነገር የለም።

ካፒቴኑ ይሄን ሲሰማ ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ዓመታዊ ምርመራው መቼ ነው?» አለ።

«የዛሬ ሳምንት» አልኩት።

ከምርመራ በኋላ አንድ የሙከራ በረራ አለ። ተሳፋሪ አይጫንበትም፤ አብራሪውና ከሠራተኛው አንድ ሰው ብቻ ናቸው የሚወጡት። ሁልጊዜ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ማቃጠያውን ለማየት።

«ዘንድሮ ጋዙ ይቀራል። ስፌት ትወጣለች» አለ ካፒቴኑ። «ነገር አበቃ።»

«ገመዱን ማን ይይዛል?» አለች ወዲያው።

«እኔ እይዛለሁ» አለ ሹፌሩ።

«አንተ? አንተ መሪ ስትይዝ እንኳን በአንድ እጅህ ነው።»

«ለአንቺ ስል በጥርሴም እይዘዋለሁ። ብቻ ሚዛን ላይ ስትወጪ መርፌዎቹን ከኪስሽ አውጪ። ካፒቴኑ ክብደት ሲበዛ ይነጫነጫል።»

ያን ሳምንት ሌላ ሰው ሆነች። ከጆንያው ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሸራ ጫማ መርጣ አጠበችውና የዎርክሾፑ መስኮት ላይ አሰጣችው። ከሠራተኛ ኮፍያዎች አንዱን ወስዳ ጎኑን አጠበበችው። ንፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ በየት በየት እንደሚያልፉ ሹፌሩን አስጠናችው። ምን ልታይ እንደምትፈልግ ስጠይቃት፣ ተራራውን ወንዙን ትለኛለች ብዬ ነበር።

«የቤቴን ጣሪያ» አለች። «በስተኋላ አንዲት ቀይ ቆርቆሮ አለች። ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት የመታት ናት። ሌላው ሁሉ ነጭ ነው፤ ቀይ ያመጣው ርካሽ ስላገኘ ነው፣ ተጣልቼዋለሁ በዚያ። ከመንገድ አትታይም። ከላይ ግን ለብቻዋ ነው የምትታየው።»

ምርመራውን የምንሠራው ዎርክሾፑ ውስጥ ነው። ረዥም ክፍል ነው፤ በአንድ ጎኑ እስከ ጫፍ የሚሄድ ጠረጴዛ፣ በሌላው ጎን ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ክርና መቀስ የተሰቀለበት ጣውላ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስለሚገባ ብርቱካኗ ጠረጴዛው ላይ ስትፈስ ጣሪያው ሁሉ ብርቱካን ይሆናል። ጨርቁ ሲጎተት የሚያንሾካሹክ ድምፅ አለው።

ጨርቁን የምንፈትነው በጉልበት ነው። ሁለት መቆንጠጫ ጨርቁን ፊትና ኋላ ይነክሱታል። አንዱን እኔ እይዛለሁ፤ ሌላኛው ላይ ባለመንጠቆ ሚዛን ታስራ እሷ ትስባለች። አስራ ሦስት ኪሎ ከቻለ ጨርቁ ሰው ይሸከማል። የሚፈተነው አምስት ቦታ ነው፤ ሁሉም ከአናቱ፣ ሙቀቱ ከሚጠራቀምበት። ጨርቁን የሚገድለው ሙቀት ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም። ከአምስቱ ሁለት ከተቀደዱ ፊኛው ከሥራ ይወጣል።

መጀመሪያውን ነከስን። እሷ ሳብ አደረገች። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ ላይ ጨርቁ ተቀደደ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ወረቀት ሲቀደድ እንኳን ይበልጣል።

እትዬ ስፌት መቆንጠጫውን ፈታች፣ ጥርሱን በጨርቅ ጠረገች፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ሄደች። ሁለተኛው አስራ አራት ቻለ። ሦስተኛው አስራ አራት ተኩል። አንድ ብቻ ከሆነ ያን ቦታ ቀይራ ትሰፋዋለች፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። አራተኛው ላይ ሚዛኑ አስር ኪሎ ላይ ሲደርስ እጄ ውስጥ ያለው መቆንጠጫ ቀለለኝ።

ተቀደደ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር። ሸራ ጫማው እንደተሰጣ ነው።

እኔ ደግሞ አፌ አልታገሠኝም። «እትዬ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገን እንሞክረው እስኪ።»

«የት?»

«አንድ ክንድ ያህል ብቻ። ከአናቱ ብዙም አይርቅም።»

አንድ ክንድ ዝቅ ቢባል ጨርቁ እንደሚችል እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እዚያ ሙቀቱ ይቀንሳል። የምርመራው ካርድ ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ ዝቅ መባሉን የሚያውቅ ከሁለታችን በቀር የለም።

«ተሳፋሪ የለበትም እኮ» አልኳት። «የሙከራ በረራ ነው። አንድ ማለዳ፣ አንድ ሰዓት። ስትወርጂ ዳግም እንፈትነዋለን፣ ያኔ እውነቱን እንጽፋለን። ዘጠኝ ኪሎ ማለት እኮ ነገውኑ ይቀደዳል ማለት አይደለም። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጨርቅ ስምንት ሰው ጭነን በረናል።»

«ባለፈው ሳምንት አላወቅንም ነበር።»

«እትዬ፣ በሞቴ። ቦታሽን ለእኔ የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

«እና ልትከፍለኝ ነው?» አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ተነሳች። መቆንጠጫውን አነሳችና፣ በእውነት ነው የምላችሁ፣ አንድ ክንድ ዝቅ ብላ ነከሰችው። «ያዝ» አለችኝ። ያዝኩ። ሳበች። አስር፣ አስራ ሦስት፣ አስራ አምስት። አስራ ስምንት ላይ ደረሰች፣ ጨርቁ ግን ወይ ፍንክች። እንደዚያ ለጥጣ ይዛው ቆየች። የገመድ ያዥ አቋቋም ነው፤ እግሯን ከፍታ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። እንድትናገር እየጠበቅኩ እኔም ይዤ ቆየሁ።

«ይኸው፤ ይሄኛው ይበርራል» አለች በመጨረሻ።

ለቀቀችው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ካርድ ሳበችና እርሳሷን ልሳ ጻፈች፤ አናት፣ አንደኛ፣ ዘጠኝ። አናት፣ አራተኛ፣ አስር። አምስተኛውን መፈተን አላስፈለገም፤ ቢሆንም ፈተነችው። አስራ ሦስት ተኩል። እሱንም ጻፈች።

«ካፒቴኑስ?» አለችኝ ካርዱን እያጠፈች። «ተሳፋሪ የለበትም አልከኝ። ካፒቴኑ ሰው አይደለም?»

መቆንጠጫዎቹን ሰብስቤ ጣውላው ላይ ሰቀልኩ።

ካፒቴኑ አመሻሽ ላይ መጣ። ካርዱን ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ ተቀምጦ አነበበው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አያት።

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ።»

«ሚዛኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን?»

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ላይ አስራ አራት ያነበበ ሚዛን ነው።»

«ስትስቢ ነጠቅ አድርገሽው ይሆናል።»

«እጄን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ እኮ እላይ ስሆን ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚያየው» አለ። «እኔ ደግሞ እሳቱን አያለሁ። ጨርቁን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ሃያ አራት ዓመት። ስፌት አይታዋለች እያልኩ።» ከዚያ ተቆጣ፣ ማንን እንደሆነ ሳይታወቅ። «አዲስ ለማምጣት አምስት ወር ይፈጃል! አምስት ወር ቆይታ ብትሄድስ? ልጅ ያለ አያት አይወለድም?»

«ተወኝ ጋሼ» አለች። «ልጄ ናት የምትወልደው።»

ያን ሳምንት የተያዘውን ተሳፋሪ ሁሉ በስልክ እየደወለች «አንበርም» ያለችው ራሷ ናት። አንዱ ሲጮኽባት በሩ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ልክ ነህ፤ እኔም ብሆን ይከፋኛል» አለችው፤ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ካፒቴኑ ብርቱካኗን ፒክአፑ ላይ አስጫነን። ከሥራ የወጣ ፊኛ ላይ እሳት አይለኮስም፤ በማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ቢሞላ ግን የሚከለክል ደንብ የለም። ማለዳ ሜዳው ላይ ዘረጋናት። ሹፌሩ ማራገቢያውን አስነሳ። ብርቱካኗ እየተንፏቀቀች ሞላች፤ በጎኗ እንደተጋደመች፣ የሁለት ፎቅ ቤት ያህል።

«ግቢ» አላት ካፒቴኑ፤ የፊኛውን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ይዞ።

ጫማዋን አወለቀች። «እትዬ፣ የተጣለ ጨርቅ እኮ ነው» አልኳት። አልሰማችኝም። ሃያ አራት ዓመት ጨርቅ ላይ በጫማ የቆመውን ሰው ስትቆጣ የኖረች ናት። እኔም አወለቅኩና ተከተልኳት።

ውስጡ ሌላ አገር ነው። ፀሐይዋ ወጥታ ስለነበር ጨርቁ ሁሉ በርቷል፤ እጃችንም ፊታችንም ብርቱካን ሆነ። የተጠገኑት ቦታዎች ጨርቃቸው ድርብ ስለሆነ ጠቆር ይላሉ። ዎርክሾፕ ውስጥ አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ላይ አይታቸው አታውቅም። ቆማ ዞር ዞር አለች።

«ያቺ የሾህ አጥር ናት» አለች። «ያቺ የበሬ ቀንድ። እሷ ደግሞ፣ እሷን ተዋት፣ ተሳፋሪ በጃንጥላ የወጋት ናት። ጃንጥላ ይዞ ፊኛ የሚሳፈር!» ወደ አናቱ እየሄደች ቆጠረች። መቶ አርባ ላይ ስትደርስ ተሳሳተችና ተወችው።

መሀል ላይ ቆመች። ኮፍያውን ከኪሷ አውጥታ አደረገች።

«ንገረኝ እስኪ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔ የምለውን።»

አፈርኩ መጀመሪያ። ከዚያ ጀመርኩ። «ስሙኝማ። የሚበርዳችሁ እዚህ መሬት ላይ ነው። እላይ ንፋስ የለም...» ሻማውን ነገርኳት። ሲሊንደሩ ላይ ስደርስ እንደ ተሳፋሪ ሳቀች። መሬቱ ዝቅ ይላል ስላት ዓይኗን ጨፈነች። ከውጭ ንፋስ መጣ መሰለኝ፤ ከእግራችን ሥር ያለው ጨርቅ ትንሽ እብጥ ብሎ ተረከዛችንን አነሳው፣ መልሶም አስቀመጠው። ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ተነሳ?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ተነሳ» አልኳት።

«ምን ትሰማለህ?»

የምሰማው የማራገቢያውን ሞተር ብቻ ነበር። ሹፌሩ ይሄኔ ከውጭ፣ «ስንት ኪሎ ነሽ በሉልኝ! ከባድ ሰው አሳፍራችኋል!» ብሎ ጮኸ፣ ካፒቴኑም «ዝም በል አንተ» ሲለው ተሰማ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋው። ጸጥ አለ። ጨርቁ ቀስ እያለ ወደ እኛ መውረድ ጀመረ። ሩቅ፣ ከመንደሩ በኩል፣ ሰው ያስላል።

«ማረፊያ» አልኳት።

ጀርባዋን አዞረች። ጉልበቷን አጠፈች። ሁለት እጇን የሌለ መያዣ ላይ ጨመቀች። ጨርቁ ትከሻችን ላይ እስኪያርፍ እንደዚያ ቆየች፤ እኔም ውረጂ አላልኳትም፣ እሷም አልተነሳችም።

በኋላ አጥፈን ስንጠቀልል እንደ ሁልጊዜው ከአናቱ ወደ አፉ አየሩን በሰውነቷ እየተጫነች አስወጣች። ያን ዘጠኝ ኪሎ ላይ የተቀደደውን ቁራጭ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጣ ደብተሯ ውስጥ ከተተች። ሸራ ጫማውን ወደ ጆንያው መለሰችው። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ብዙ ሰው ይፈልገዋል አለች።

ከሄደች ሦስተኛ ወሯ ነው። የልጅ ልጇ ሴት ናት። አዲሱ ፊኛ ገና አልመጣም፤ ዎርክሾፑ ባዶ ነው፣ እኔ ማቃጠያ እየፈታሁ እገጥማለሁ።

በየማለዳው ትደውላለች። ሕፃኗ በዚያ ሰዓት ስለምትነቃ ነው ትላለች። ሰላምታው አጭር ነው። «ንፋሱ እንዴት ነው?» ነው የምትለኝ። መጀመሪያ ሰሞን በመስኮት አይቼ «ደህና ነው» እላት ነበር። «ደህና ምን ማለት ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። አሁን ሜዳው ድረስ እሄዳለሁ። ለንፋስ መለኪያ የምንለቃቸው ትንንሽ ጥቁር ፊኛዎች አሉን፤ አንዱን እነፋና እለቃለሁ፣ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ እቆጥራለሁ። ለምን እንደማደርገው ካፒቴኑ ጠይቆኝ አያውቅም። ባለፈው ፊኛው ሲያልቅብኝ ሌላ ካርቶን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

ዛሬም ደወለች።

«ንፋሱ?»

«ቀላል ነው። ከመሬት ጸጥ፣ ከላይ ትንሽ ይገፋል።»

«ይበርራል» አለች።

«ይበርራል።»

«ወዴት ሄደ?»

ቀና ብዬ አየሁ። የለቀቅኳት ፊኛ ጥቁር ነጥብ ሆና ቀዩ ቆርቆሮ ካለበት ሰፈር በላይ አልፋ፣ ወደ ጋራው፣ ወደ እነሱ ከተማ በኩል እያነሰች ትሄድ ነበር።

«ወደ አንቺ» አልኳት።

ከጀርባዋ ሕፃኗ ትነጫነጫለች፤ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ።